አምስተኛዋ ሴት የት አለች?

አራት ጨርቆች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። በአንደኛው ላይ ያለችው ሴት ቤት ታጸዳለች። ሌላዋ ምግብ ታበስላለች፣ ሦስተኛዋ ልጅ ትንከባከባለች፣ አራተኛዋ ገበያ ወጥታ ዕቃ ትሸምታለች። አንዳቸውም በብሩሽ አልተሳሉም፤ የሴቶቹን መልክ ያወጣው በጨርቁ ላይ የሚሄድ የክር መስመር ነው። ከርቀት ሲታዩ በእርሳስ የተነደፉ ይመስላሉ፤ ቀረብ ሲሉ ግን መርፌው የገባበትና የወጣበት ቀዳዳ አንድ በአንድ ይለያል። ተመልካቹን መልሶ የሚያስቆጥረው የሥራው ርዕስ ነበር፤ «አምስት ሴቶች በሥራ ላይ» ይላል። ቢቆጥሩ አራት፣ ደግመው ቢቆጥሩ አራት። አምስተኛዋ የለችም።

ዘመኑ 1991 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ፈረንሳይ አገር ትኖር የነበረች የአንዲት ወጣት ግብጻዊት ነበር፤ ጋዳ አሜር ትባላለች። የጠፋችውን ሴት ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል፤ በመጀመሪያ ወደ ልጅነቷ፣ ከዚያም አንድ በር ፊቷ ላይ ወደተዘጋበት ጊዜ።

ጋዳ በ1963 በካይሮ ተወለደች። በ1974 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቧ ጓዙን ጠቅልሎ ሜዲትራኒያንን ተሻገረና ኒስ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ኑሮ ጀመረ። አገሩም ቋንቋውም ተለወጠ። መርፌና ክር ግን አልተለወጠም። በቤተሰቧ ውስጥ ሴቶቹ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ልጅቷም ይህንኑ እያየች አደገች። ዕለት ተዕለት የሚያዩት ነገር ዓይን አይስብምና፣ ከዚህ ሥራ አንድ ቀን የሥነ ጥበብ መሣሪያ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ ግብጽ ይመለስ ነበር። ጋዳ በተመለሰች ቁጥር አንድ ለውጥ ታስተውል ጀመር። ባለፈው ዓመት ፀጉራቸውን ገልጠው የተሰናበቷት ሴቶች በቀጣዩ ዓመት ተሸፋፍነው ይቀበሏታል። ጊዜው ግብጽ ከውስጥ የምትለወጥበት ነበር። በ1967ቱ ጦርነት ከደረሰው ሽንፈት በኋላ የሃይማኖት መነቃቃት አገሩን ይዞት ነበር፤ በነዳጅ ወደበለጸጉት የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ የሄዱ ብዙ ግብጻውያንም ከገንዘቡ ጋር የዚያን አገር ወግና አለባበስ ይዘው ይመለሱ ነበር። በኒስ ጋዳ የዐረብ ልጅ ናት፤ በካይሮ ደግሞ ከፈረንሳይ የመጣች እንግዳ። ሁለቱም ወገን ሴት ልጅ እንዴት መልበስ፣ እንዴትስ መታየት እንዳለባት የራሱ አስተያየት ነበረው። እሷን የጠየቃት ግን አልነበረም።

ልጅቷ አድጋ ሥዕል መረጠች። ኒስ ውስጥ ቪላ አርሰን በሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ሠዓሊ መሆን። የሥዕል ክፍሉን ልትቀላቀል ስትጠይቅ ያገኘችው መልስ አጭር ነበር። ክፍሉ ለወንዶች ነው፤ መምህሩ ሴት አያስተምርም።

ይህ የሆነው በ1980ዎቹ፣ ራሷን የነፃነት አገር ብላ በምትጠራው ፈረንሳይ ነው። በካይሮ የሴትን ፀጉር የሚሸፍነው ጨርቅ እየበዛ፣ በኒስ ደግሞ የሥዕሉ ክፍል በር ለሴት ተዘግቶ! ሌላ ሰው ቢሆን ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ ወይም ሙያውን ይተዋል። ጋዳ ሁለቱንም አላደረገችም። በሩን መደብደቧን ትታ ከበሩ በስተጀርባ ስላለው ነገር መጠየቅ ጀመረች። እዚያ ውስጥ እንዲህ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

መልሱን ፍለጋ የሥዕልን ታሪክ ስትመረምር ያገኘችው ከሞላ ጎደል የወንዶችን ስም ነበር። ሳዮቹ ወንዶች፣ ስለ ሥዕል የጻፉትም ወንዶች። ሴቷ በየሸራው ላይ ሞልታለች፤ ግን ተኝታ፣ ተቀምጣ፣ ራቁቷን ሆና የምትታይ እንጂ ብሩሽ የያዘች አይደለችም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የገነነው ረቂቅ ሥዕል ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ጃክሰን ፖሎክ ከ1947 ጀምሮ ሸራውን መሬት ላይ እየዘረጋ፣ ዙሪያውን እየተራመደ ቀለም ያንጠባጥብና ያፈስ ነበር። ያ የክንድ ጉልበት፣ ያ ግዙፍ ሸራ የእውነተኛ ሠዓሊ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ጋዳ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ጥያቄዋ ጠራ። ቋንቋው በሙሉ በወንድ የተሠራ ከሆነ፣ ሴት በምን ትሣል?

ጥያቄው ከጠራ በኋላም ለዓመታት ምላሽ አላገኘም። በ1986 የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች። በ1987 አትላንቲክን ተሻግራ ቦስተን ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትምህርት ቤት ቆየች። ወደ ኒስ ተመልሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ቀጠለች። ብሩሽ ማንሣቷ አልቀረም፤ ግን ብሩሹን በያዘች ቁጥር የምትገባው በሌሎች ታሪክ ውስጥ ነበር። እንደ ወንዶቹ ብትስል ከተከታዮቹ አንዷ ትሆናለች። እነሱን ተቃውማ ብትስልም ያው በእነሱ መሣሪያ ነው። ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋት ነበር፤ ያ መንገድ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ያገኘችው ካይሮ ውስጥ፣ በአንድ የፋሽን መጽሔት ገጾች መካከል ነው።

በ1988 ወደ ግብጽ በሄደችበት ጊዜ «ቬነስ» የተባለ መጽሔት እጇ ገባ። ቬነስ የጥንት ሮማውያን የውበትና የፍቅር አምላክ ስም ነው። እትሙ ግን የተዘጋጀው ለተሸፋፈኑ ሴቶች ነበር። ጋዳ ገጾቹን ስትገልጥ ያየችው ነገር ግራ የሚያጋባ ነው። ፎቶዎቹ ከአውሮፓ የፋሽን መጽሔቶች የተወሰዱ ናቸው፤ ሞዴሎቹም የአውሮፓ ሞዴሎች። ነገር ግን ፀጉራቸው ላይ ሻሽ ተጨምሯል፣ አንገታቸው ተሸፍኗል፣ አጭሩ እጅጌ ረዝሟል፣ ጉልበት ላይ የቀረው ቀሚስ ወደ ታች ተቀጥሏል። ቅጥያው ያስታውቃል። አካሉ ከፓሪስ፣ መሸፈኛው ከካይሮ። ከፎቶዎቹ ጋር ደግሞ ልብሱን እቤት ቆርጦ ለመስፋት የሚያገለግል ንድፍ፣ ልብስ ሰፊዎች ፓተርን የሚሉት፣ አብሮ ቀርቧል።

መጽሔቱን ገዝተው ቀሚሱን የሰፉ ሴቶች ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለጋዳ ግን ያ ገጽ የሕይወቷ ሥዕል ነበር። ሁለት ዓለም በአንዲት ሴት ገላ ላይ ሲጣላ፣ አንዱ የሌላውን ምስል ሲቀጥልና ሲቆርጥ፣ ሴትዮዋ ግን ዝም ብላ ፈገግ ስትል። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስትፈልገው የኖረችው ነገር በአንድ ርካሽ መጽሔት ውስጥ ነበር። ይዛው ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። ግን ምን ታድርገው?

ዕድል በር ላይ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። ጋዳ በመጀመሪያ የያዘችው የልብስ ንድፎቹን ነበር። ያ የነጠብጣብና የመስመር መዓት፣ «እዚህ ቁረጪ፣ እዚህ እጠፊ፣ እዚህ ስፊ» የሚለው ትእዛዝ፣ ሴት ልጅ ተቆርጣ የምትሰፋበት ካርታ ሆኖ ታያት። ንድፎቹን ወደ ሥራዋ አመጣች። ሐሳቡ ጠንካራ ነበር፤ ሥዕል ግን አልሆነም።

ቀጥላ ካሜራ ሞከረች። ፈረንሳይ በዚያ ሰሞን በአንድ ጉዳይ ትታመስ ነበር። በ1989 ክሬይ በተባለች ከተማ ሦስት ተማሪዎች ሻሻቸውን አናወልቅም በማለታቸው ከትምህርት ገበታ ታግደው፣ ነገሩ የአገር አጀንዳ ሆኖ ነበር። በ1991 ጋዳ ከአርቲስት ጓደኛዋ ከላዳን ናደሪ ጋር ሆና የተሸፋፈኑ ሴቶችን በፓሪስ የቱሪስት መስህቦች ፊት ፎቶ አነሣች፤ ሥራውንም «ፓሪስን እወዳለሁ» አሉት፤ በየሱቁ ካናቴራ ላይ እንደሚሸጠው መፈክር። ፎቶው ይናገራል፣ ይቀልዳል፣ ይወጋልም። ያ የድሮው ጥያቄ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ሴት በምን ትሣል?

መልሱ ሁልጊዜ አጠገቧ ነበር። የልብስ ንድፍ መስመር ነው። መስመሩን የሚከተለው መርፌ ነው። መርፌው የሚያስከትለው ክርም መስመር ነው። እርሳስ ያሰመረው መስመር ንድፍ ከተባለ፣ ክር መስመር ሲያሰምር ሥዕል የማይባልበት ምክንያት ምንድን ነው? ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተሰቧ ሴቶች እጅ ያየችው፣ ማንም «የወንድ ነው» ብሎ የማይከለክላት፣ ማንም የሥዕል ታሪክ ውስጥ ያልጻፈው መሣሪያ ያ ነበር።

ከመጽሔቶች የቤት ውስጥ ሥራ የሚሠሩ ሴቶችን ምስል መረጠች። የምስሉን ዙሪያ ገባ ጨርቅ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ብሩሹን ትታ መርፌ አነሣች። አንዷ ስታጸዳ፣ አንዷ ስታበስል፣ አንዷ ልጅ ስትንከባከብ፣ አንዷ ስትሸምት። አምስተኛዋ ሴት ልትታይ አትችልም፤ ከጨርቁ ወዲህ ተቀምጣ ስትጠልፍ የነበረችው ራሷ ጋዳ ናትና። ርዕሱ አልተሳሳተም። ሥራ ላይ የነበሩት በእርግጥም አምስት ሴቶች ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ጋዳ ግን የራሷን ግኝት መጠርጠር ጀመረች።

ችግሩ ጥልፉ ጨዋ መሆኑ ነበር። የቤት ሥራ የምትሠራ ሴት፣ የቤት ሥራ በሚባል ሙያ፣ ልቅም ባለ መስመር። ሴቷ ሁለት ጊዜ ታዛዥ ሆናለች፤ አንድ ጊዜ በምስሉ፣ ሌላ ጊዜ በመርፌው። የተገኘው መሣሪያ የድሮውን ታሪክ መልሶ የሚነግር ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው? ጋዳ ከዚህ ለመውጣት ሁለት ነገር መለወጥ ነበረባት፤ ምስሉንና ክሩን።

ምስሉን የለወጠችው ብዙዎችን ባስደነገጠ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቤት እመቤቶቹን ትታ ለወንዶች ዓይን ከሚታተሙ መጽሔቶች የተወሰዱ እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶችን መጥለፍ ጀመረች። የሴት ገላ ለሌላ ሰው ደስታ ብቻ የሚቀርብ ዕቃ ሆኖ ከቆየ፣ ያንኑ ምስል ሴት እጅ ታስገባውና ሴትዮዋ የራሷ ደስታ ባለቤት ትሁን የሚል ነበር ሐሳቧ። ለአጥባቂዎች ነውር ሆነ፤ ለአንዳንድ የሴቶች መብት ተሟጋቾችም የማይዋጥ። እሷ ግን አንድም ቀን መጋረጃ ከሚያበዛው ወገን፣ አንድም ቀን ከሚገፈው ወገን አልቆመችም። ሁለቱም ያለ ሴትዮዋ ፈቃድ የሚወስኑ ነበሩና።

ክሩን የለወጠችበት መንገድ ደግሞ ጥልፍ የሚያውቅን ሁሉ የሚያስቆጣ ነው። ጥሩ ጠላፊ የክሩን ጫፍ በጨርቁ ጀርባ ትቋጥራለች፣ ትርፉን ትቆርጣለች፤ የሙያዋ ልክ ጀርባው ሲገለበጥ ይታወቃል። ጋዳ ይህን ሕግ ገለበጠችው። የአንዲት ሴት ምስል በሸራው ላይ ተደጋግሞ ይቀዳል። መርፌው የምስሉን ዙሪያ ይከተላል፤ ከንፈር ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፣ በትከሻ በኩል ይወርዳል። ክሩ ሲያበቃ ጫፉ አይቆረጥም፤ ረዘም ተደርጎ በሸራው ፊት ለፊት ይለቀቃል። ከጎኑ ሌላ፣ ከላዩም ሌላ። የተለቀቁት ክሮች እየተጠላለፉ ይወርዳሉ፤ ባሉበት እንዲቆዩም ግልጽ ማጣበቂያ ይቀባቸዋል።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ከሩቅ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ ሥዕል ነው። ቀዩ ሲፈስ፣ ሰማያዊው ሲንጠባጠብ፣ ቢጫው ሲረጭ፤ ልክ እነዚያ ጉልበተኛ ሠዓሊዎች ቀለም እንዳንጠባጠቡት። ቀረብ ሲል ቀለሙ ክር ይሆናል። የበለጠ ሲጠጋ ከጥልፍልፉ ሥር ዓይን ይወጣል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ በርካታ ሴቶች። መጋረጃው ክር ነው፤ የተጋረዱትም የተሠሩት ከዚያው ክር። ተመልካቹ ቀርቦ እስኪያፈጥ ድረስ ምስሉ ራሱን አይሰጥም፤ ሲያፈጥ ደግሞ እያፈጠጠ መሆኑን ያውቃል።

የወንዶቹ ረቂቅ ሥዕልና የሴቶቹ ጥልፍ በአንድ ሸራ ላይ ተገናኙ። ያ የሥዕል ክፍል በር በቁልፍ አልተከፈተም፤ በመርፌ ቀዳዳ በኩል ታለፈ።

ጋዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኑሮዋን ወደ ኒው ዮርክ አዛወረች። በ1999 በቬኒስ ቢየናሌ፣ የዓለም ሥነ ጥበብ በየሁለት ዓመቱ በሚገናኝበት መድረክ፣ የዩኔስኮ ሽልማት ተሰጣት። በዚያው ወቅት አካባቢ ግን ሌላ እንቆቅልሽ ይዟት ነበር። መሣሪያዋን አግኝታለች፤ የመጣችበትን ባህልስ?

በ1998 ሴቶችን የሚመለከቱ የቁርኣን አንቀጾችን በፈረንሳይኛ ትርጉማቸው በሳቲን የልብስ ማንጠልጠያ ከረጢቶች ላይ ጠለፈች። ሥራው የቁም ሣጥን ይመስላል፤ ቃላቱ እንደ ልብስ ተሰቅለው፣ እያንዳንዱ ሰው ለብሷቸው እንደሚወጣ። ይህን ስታደርግ የገባችበት ፍለጋ ወደ ኋላ እየሳበ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዐረብኛ ወደተጻፈ አንድ መጽሐፍ ወሰዳት። ዐሊ ኢብን ነስር አል ካቲብ የጻፈው «የደስታ ኢንሳይክሎፒዲያ» ነው። የሥጋ ፍቅርን፣ የሴትንም የወንድንም ደስታ ከሕክምናና ከቅኔ፣ ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ጋር አዋህዶ ያለ እፍረት የሚያወሳ መጽሐፍ።

ጋዳን ያስደነቃት ይህ ነበር። ባህላችን አይፈቅድም እየተባለ የሚነገረው ነገር በዚያው ባህል ውስጥ፣ በዚያው ቋንቋ፣ በሊቅ እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ቅርስ ተብሎ የተሰጣት የቅርሱ ግማሽ ብቻ ነበር። በ2001 የመጽሐፉን ክፍሎች በእንግሊዝኛ ትርጉማቸው በሸራ በተለበጡ ሣጥኖች ላይ በወርቃማ ክር ጠልፋ፣ ሣጥኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርድራ ለእይታ አቀረበች።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ደርሶባት ነበር። ሬዛ ፋርኮንዴህ ከኒስ የትምህርት ዘመን ጀምሮ የሚያውቃት የኢራን ተወላጅ ሠዓሊ ነው። በ2000 ጋዳ በሌለችበት፣ ሳያስፈቅዳት፣ አንዱ ሸራዋ ላይ ቀለም ቀባ። አንድ ወንድ ብሩሽ ይዞ በሴት ጥልፍ ላይ ገባበት ማለት ነው፤ ከታሪኳ አንጻር ከዚህ የከፋ ድፍረት አይገኝም። ጋዳ ስትመለስ ሸራውን አየችው።

ወደደችው። አላጠፋችውም፣ አልጣለችውም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው መሥራት ቀጠሉ፤ በጋራ የሠሯቸውንም በሁለቱም ስም መነሻ ፊደላት ፈረሙባቸው። የሥራውን ባለቤት ማንነት መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ብሩሽና መርፌ ተቀላቀሉ።

በ2008 ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ ለሴቶች ሥነ ጥበብ በተለየው ማዕከል «ፍቅር ማለቂያ የለውም» የተሰኘ ሰፊ ዐውደ ርዕይ አቀረበች። እዚያው ማዕከል ውስጥ ከ2007 ጀምሮ በቋሚነት የተቀመጠው የአርቲስቷ የጁዲ ቺካጎ «የራት ግብዣ» ነው፤ ለ39 የታሪክ ሴቶች የተዘረጋ ባለ ሦስት ማዕዘን ማዕድ፣ በእያንዳንዷ ቦታ ሥር ጥልፍ የተነጠፈበት። መርፌን ወደ ሙዚየም ያስገባች የመጀመሪያዋ ጋዳ አልነበረችም። የእሷ ግኝት ሌላ ነው፤ ጥልፍን ከሥዕል ጎን ሳይሆን በሥዕል ቦታ ማስቀመጧ።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ የተፈታው እንደገና ካይሮ ውስጥ ነው።

በአሮጌው ከተማ፣ ባብ ዙወይላ ከተባለው በር ፊት ለፊት፣ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ጣሪያ ያለው የገበያ ጎዳና አለ። የድንኳን ሰፊዎች ጎዳና ይባላል። ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለረመዳን የሚተከሉ የድንኳን ግድግዳዎች የሚሠሩት እዚያ ነው። ሠሪው እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ባለቀለም ጥጥ ጨርቅ በመቀስ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በጣቱ ወደ ውስጥ ያጥፋል፣ በሸራው ላይ በማይታይ ስፌት ይለጥፈዋል። አበባ፣ ኮከብ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ እንዲህ እየተደረገ ይወጣል። በትውልድ ሲወራረስ የኖረው ይህ ሙያ የወንዶች ሙያ ነው። በመካ ለካዕባ የሚለበሰው፣ በወርቅና በብር ክር የሚጠለፈው ልብስም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከካይሮ ይላክ ነበር፤ እሱንም ይጠልፉ የነበሩት ወንድ ባለሙያዎች ናቸው።

በ2020ዎቹ ጋዳ ሥራዋን ከዚህ ጥበብ ጋር አገናኘች። በቁራጭ ጨርቅ ስፌት፣ ዛሬ በስልክ የሚነበበውን ባለ አራት ማዕዘን የኪው አር ኮድ በሚመስል ንድፍ ውስጥ፣ ስለ ሴቶች የተነገሩ ቃላትን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ አስገባች። ይህን ስታደርግ አንድ የቆየ ግምት ፈረሰ። መርፌ የሴት ነው የሚለው ነገር ራሱ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን የሚለዋወጥ ነበር። እንግሊዛዊቷ ሮዚካ ፓርከር በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የጥልፍ ሥራ ቤቶች ውስጥ ወንዶችም ሴቶችም ይሠሩ ነበር፤ ጥልፍ የጨዋ ሴት መለያ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው። ወደ እኛ ስንመጣም ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ተብሎ ተከፍሎ ኖሯል፤ ጥጡ ግን ያው አንድ ጥጥ ነው።

ስለዚህ በኒስ «ሥዕል የወንድ ነው» የተባለችው ልጅ፣ እንደ ሴት መሣሪያ ያነሣችውን መርፌ እየተከተለች ስትሄድ፣ በተወለደችበት ከተማ የወንዶች ሙያ ሆኖ አገኘችው። ክልከላውም ፈቃዱም የሰው ሥራ ነበር። መርፌውም ብሩሹም ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አልነበረም።

ከ2022 መጨረሻ እስከ 2023 በማርሴይ ከተማ፣ ከኒስ ብዙ በማይርቀው የፈረንሳይ ወደብ፣ የጋዳ አሜር የዓመታት ሥራ በአንድ ጊዜ በሦስት ስፍራዎች ለእይታ ቀረበ። ሸራዎቹ፣ በተክል የሠራቻቸው ሥራዎችና ቅርጻ ቅርጾቿ ሁሉ ነበሩ። የሥዕል ክፍል ከተከለከለችበት ጊዜ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል።

ጥልፍ ከጋዳ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ጥበብ ነው፤ እሷ የፈጠረችው አዲስ ስፌት የለም። ያገኘችው ነገር ጥያቄዋን ባለመጣሏ የመጣ ነው። ዲግሪዋን ስትይዝ ያልተመለሰ ጥያቄ፣ ቦስተን ድረስ ተከትሏት ያልተመለሰ ጥያቄ፣ በፎቶግራፍም ያልተመለሰ ጥያቄ ይዛ ባትዞር ኖሮ፣ ቬነስ መጽሔት በካይሮ ከታተሙት መጽሔቶች አንዱ ሆኖ በቀረ ነበር። ዕድሉ የገጠማት መፈለጓን ስላላቆመች ነው። በክር የሠራቻቸውን ሸራዎች ዛሬም ሥዕል ትላቸዋለች፤ ራሷንም የምትጠራው ሠዓሊ ብላ ነው።